ሁለተኛው ገጽ

«እዚያ ላይ አይቀመጡ!»

ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኾ ወጣ። ከሁለተኛ ፎቅ የመጡት ወፍራም ጎረቤት፣ መስኮቱ ሥር ባለው ባለ አንድ ሰው ሶፋ ላይ ሊቀመጡ ጎንበስ እንዳሉ ደንግጠው ቀና አሉ። የቤቱ ሹክሹክታ ቀጥ አለ።

«ይቅርታ... እግሩ ስለላላ ነው። እንዳይጥልዎት ብዬ» አለች መምህሯ።

«ጎሽ ነገርሽኝ የኔ ልጅ!» አሉ ሴትዮዋ ደረታቸውን ይዘው። «በዚህ ኪሎዬ ተንከባልዬ ሌላ ለቅሶ ላስደርባችሁ ነበር እኮ።»

አንድ ሁለት ሰው አፉን ሸፍኖ ሳቀ፤ ሹክሹክታውም ተመልሶ ቀጠለ። የሶፋው እግር ግን ምንም አልሆነም። ይህን መምህሯ ታውቃለች፤ በር ላይ ቆመው የሻይ ብርጭቆ የሚያቀብሉት አክስቷም ያውቃሉ። አባቷ ከትናንት በስቲያ ጠዋት የሞተው እዚያ ሶፋ ላይ ነው።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት መኝታ፣ አንድ ሳሎን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ወጥ ቤት። ወንበሩ ከየጎረቤቱ የተለቀመ ስለሆነ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ይላል፤ ለቀስተኛውም እንደየወንበሩ ከፍና ዝቅ ብሎ ተደርድሯል። መምህሯ ግድግዳውን ተደግፋ የሰውን ወሬ ሳትወድ ትሰማለች።

«ዕድሜው ስንት ነበር?»

«ሰባ አራት አሉ።»

«እንግዲህ ዕድሜ ጠግቧል።»

«ሳይታመም፣ ማንንም ሳያስቸግር፣ እንደተቀመጠ! እንዲህ ያለውን ሞት ለሁላችን ይስጠን።»

«ደግሞስ ነርስ ልጅ እያለችው! ነርስ ብቻም አይደለች፣ ነርሶቹን የምታስተምር። ምን ጎድሎበት?»

እጇ ላይ ያለው ሻይ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። ትጠጣዋለች ብለው የሚጠብቁ ሰዎች ስለነበሩ አንዴ ፉት አለችና መልሳ ያዘችው።

ማንም ያልጠየቃት፣ እሷም ለማንም ያልተናገረችው አንድ ነገር ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከመኝታ ክፍሏ ስትወጣ አባቷ ሶፋው ላይ ነበር። አንገቱን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጎ፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ ተኝቷል። ክፍለ ጊዜ ረፍዶባት ስለነበር እንዳትቀሰቅሰው ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣችና ኮሪደሩ ላይ ቆማ አደረገችው። ሐኪሙ በኋላ ሲያየው «ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አራት ሰዓት ገደማ ይሆናል» አለ። እሷ ስትወጣ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለአዲስ ተማሪዎቿ የምትሰጠው የመጀመሪያ ትምህርት፣ ታካሚ ያለበት ክፍል ስትገቡ በቅድሚያ በስሙ ጥሩት፣ ከዚያ እጁን ንኩት የሚል ነው። የአባቷን እጅ ግን ሳትነካ ነው የወጣችው።

ሞቶ ያገኙት ምድር ቤት የሚኖሩት ልብስ ሰፊ ናቸው። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ መቀሳቸውን አስቀምጠው ከአባቷ ጋር ዳማ ሊጫወቱ ይወጡ ነበር። የዚያን ቀንም እንደ ልማዳቸው በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። አሁን ጥግ ላይ፣ አጭሯ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

* * *

አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሯል። ሰው ሁሉ ሹፌሩ ነው የሚለው፤ ጡረታ ከወጣ በኋላም ስሙ አልተቀየረም። እናቷ ከሞተች በኋላ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ አንድ ሻንጣና አንድ ሬዲዮ ይዞ እሷ ዘንድ መጣ። አገሩን ዳር እስከ ዳር በመሪ ሲያካልል የኖረ ሰው፣ የቀረው መንገድ ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት ያለው ደረጃ ብቻ ሆነ። ጠዋት ይወርዳል፣ ጋዜጣ ይገዛል፣ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ይወርዳል፣ ምንም አይገዛም፣ ይወጣል። እሷ ደግሞ አላገባችም፤ ቀኗን ለኮሌጁ፣ ማታዋን ለተማሪዎቿ ወረቀት ነበር የምትሰጠው። ሁለቱ እራት ላይ ሲገናኙ እሱ ያወራል፣ እሷ «እህ» ትላለች።

ከዚያ ጥናቱ መጣ። ነገሩ የተነሳው ከአንድ ተራ ጥያቄ ነው። ለተመራቂ ተማሪዎቿ «የትኛው ክፍል ተመድባችሁ መሥራት ትፈልጋላችሁ?» የሚል ወረቀት አደለች። ከስልሳ አራቱ ውስጥ ሕፃናት ክፍል ያለው አለ፣ ማዋለጃ ያለው አለ፣ ቀዶ ጥገና ያለው ብዙ ነው። አረጋውያን ክፍል ያሉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው ደግሞ ሲጠየቅ መስመር ስቶ ምልክት እንዳደረገ ተናገረ። ይህ ነገር ከነከናት። ተማሪ ስለ እርጅና ያለው አመለካከት ይለወጥ እንደሆን ለማወቅ ሠላሳ አራት ጥያቄ ያለው መጠይቅ አዘጋጀች። መጀመሪያ ይሞላሉ፤ ከዚያ ከአንድ አዛውንት ጋር አራት ጊዜ እየተቀመጡ ምርመራ ይለማመዳሉ፤ በመጨረሻ እንደገና ይሞላሉ። የጎደላት አዛውንት ነበር።

«እኔስ ምን ሆንኩ?» አለ አባቷ ማንኪያውን አስቀምጦ።

«አባባ፣ እዚያ መታመም አለብህ እኮ። የውሸት።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ተሳፋሪ ፊት ሳይደክመኝ ደክሞኛል፣ ሲደክመኝ አልደከመኝም ስል ኖሬ፣ ይሄ ያቅተኛል?»

የተግባር ክፍሉን ባየው ቀን መጀመሪያ የሄደው አልጋው ላይ ወደተጋደመው የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነው። ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«ይሄ ሰውዬ ስንት ዓመት አገለገለ?»

«አሥራ አንድ ዓመት» አለች እሷ።

«ጡረታ አውጡታ! አያሳዝናችሁም?»

ተማሪዎቹ ያን ቀን ነው የወደዱት። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ ይመጣል። እሷ በካርድ ላይ የሳምንቱን በሽታ ትጽፍለታለች፤ አንድ ሳምንት ስኳር፣ አንድ ሳምንት ግፊት። መጀመሪያ ላይ ነገር ያበዛ ነበር።

«አባባ፣ ስኳር ያለበት ሰው እንዲህ አያቃስትም» ትለዋለች ማታ።

«እኔን ስኳር ቢይዘኝ እንዲህ ነው የማቃስተው» ይላታል።

ተማሪ «ደረትዎን ያምዎታል?» ብሎ ቢጠይቀው፣ አውቶቡሱ ድልድይ ላይ ስለተበላሸበት ሌሊት ተነስቶ፣ የኋላ ወንበር ላይ ስለወለደችው ተሳፋሪ፣ ባትሪ ይዞ ስላበራላቸው አዋላጅ ይተርካል። ሲጨርስ «አዎ፣ ያን ቀን ደረቴን አሞኝ ነበር» ይላል። መምህሯ ከመስታወቱ ወዲያ ቆማ ተማሪዎቹ ወደሱ ዘንበል ሲሉ ታያለች። ሰሌዳው ላይ ሁለት ነገር በትልቁ ጽፋለች። አንደኛው «አዛውንት ሲያወራ አታቋርጡ፤ ሕመሙ ወሬው ውስጥ ነው» ይላል። ሁለተኛው «እርጅና በሽታ አይደለም፤ ቅጹ ላይ 'እርጅና ነው' ብሎ የጻፈ ዜሮ ያገኛል» ይላል።

* * *

በሦስተኛው ቀን ተማሪዎቹ መጡ። አሥራ አራት ነበሩ። ደረጃውን ሲወጡ የነበረው ኮቴ በሩ ላይ ሲደርስ ጠፋ፤ እየተገፋፉ፣ ማን ይቅደም እየተባባሉ ገቡ። የሚቀመጡበት ስላልነበረ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። አንድ ረጅም ልጅ አባቷ በስኳር ሳምንት ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ እየበላ «ለማንም እንዳትናገር» እንዳለው ሲያወራ ሳሎኑ በሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁ ሳያልቅ አንዷ ልጅ ማልቀስ ጀመረች።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም አብሯቸው መጥቶ ነበር። ሲወጣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ጥናትሽ ለምርምር ጉባኤው ተመርጧል። የአመለካከት ውጤቱ በአሥራ አንድ ነጥብ መጨመሩን ወደውታል። አባትሽ ቢሰማ...»

«እህ» አለች።

አባቷስ ሰምቶ ነበር። ያለፈው ወር ሙሉ ማታ ማታ ላፕቶፕ ላይ ተደፍታ ቁጥር ስታስገባ፣ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ «የልጆቹን ወረቀት አየሽው?» ይላት ነበር። ሥራዋ ሥራው ስለሆነ ነው ብላ ደስ ብሏታል። «እያየሁት ነው አባባ» ትለዋለች። ከሦስት ቀን በኋላ መልሶ ይጠይቃታል። የመጨረሻው እሑድ ማታ ነበር።

«ቁጥሩ ቆንጆ ነው አባባ። በአሥራ አንድ ነጥብ ጨምረዋል።»

«ጎበዞች» አለ። ቆየት ብሎ፣ «ሁሉንም አነበብሽው ግን?»

«ጨርሻለሁ። ሁሉም ገብቷል።»

«እሺ» አለና ሬዲዮውን መልሶ ከፍ አደረገው።

ተማሪዎቹ ተሰናብተው ሲወጡ አንዷ ወደ ኋላ ቀረች። ፊቷ ሁልጊዜ እንደተከፋ ስለሆነ ኩርፊያ ነው የሚሏት፤ ስሙን ያወጣላት ሹፌሩ ራሱ ነው። መምህሯ ልጅቷን የምታውቃት በመጠይቁ ነው። «አዛውንቶች አንድን ነገር ደጋግመው ያወራሉ» ለሚለው፣ «በጣም እስማማለሁ።» «ከአዛውንት ጋር ጊዜ ማሳለፍ ያስደስተኛል» ለሚለው፣ «በጣም አልስማማም።» አራት ጊዜ ከሹፌሩ ጋር ከተቀመጠች በኋላም ውጤቷ የጨመረው በሁለት ነጥብ ብቻ ነበር። በሠንጠረዡ ውስጥ «ለውጥ የሌለው» የሚለው ዓምድ ሥር ከገቡት ስድስት ተማሪዎች አንዷ እሷ ናት።

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ የመምህሯን እጅ እጅ ታይ ነበር።

«ቲቸር...» አለች።

«አቤት?»

«ምንም። እግዜር ያጽናዎት።»

* * *

በማግስቱ ረፋድ ላይ ልጅቷ ብቻዋን ተመልሳ መጣች። ቤቱ ጭር ብሎ ነበር፤ የመምህሯ አክስት ከሁለት አሮጊቶች ጋር ሳሎን ተቀምጠው ያወጋሉ፤ ልብስ ሰፊውም ጥጋቸውን ይዘዋል። መምህሯ ወጥ ቤት ብርጭቆ ታጥባለች። ልጅቷ ሳትጠየቅ ፎጣ አነሳችና ማድረቅ ጀመረች። አምስት ስድስት ብርጭቆ ካደረቁ በኋላ ነው አፏን የከፈተችው።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ።»

«የመጨረሻውን ቅጼን፣ ሁለተኛውን ገጽ... አንብበውት ነበር አይደል?»

መምህሯ ውኃውን ዘጋች።

ቅጹ ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ምልክት የሚደረግበት ነው፤ ለጥናቱ የሚፈለገው ቁጥር ያለው እዚያ ነው። ሁለተኛው ተማሪው ያየውንና የሰማውን በራሱ ቃል የሚጽፍበት ነው። ለጉባኤው የማስገቢያ ቀን ስለደረሰባት የመጀመሪያውን ገጽ እየገነጠለች አስገብታ፣ ሁለተኛውን በኋላ አነበዋለሁ ብላ ካርቶን ውስጥ ከታዋለች።

የልጅቷ ዓይን ፊቷ ላይ ነው። «አዎ» ብትላት ያበቃ ነበር። «አዎ፣ አንብቤ ሐኪም ዘንድ ወስጄው ነበር፤ የሚደረግ ነገር የለም አሉን» ብትል፣ ልጅቷ ዛሬ እንቅልፍ ትተኛለች። ማንም ሊያጣራ አይችልም። ሳሎን የተቀመጡት ሁሉ ያን ነበር መስማት የሚፈልጉት።

«አላነበብኩትም» አለች።

ልጅቷ የያዘችውን ብርጭቆ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ትናንት ሰዎች 'ሳይታመም ሞተ' ሲሉ ስሰማ ነው የደነገጥኩት። እኔ ሐኪም ያዩ ነበር የመሰለኝ።»

«ምን ነበር የጻፍሽው?»

«የጉልበት ሕመም ነበር ካርዱ። ጉልበታቸውን ስጠይቃቸው ሳቁ። 'እሱን ተይው፣ እሱ የካርዱ ነው፤ የራሴን ልንገርሽ' አሉኝ። መጀመሪያ ትወናው መስሎኝ ነበር። ኋላ እግራቸውን ሳይ...» ፎጣውን በሁለት እጇ ጨመቀችው። «ለቲቸር ለምን አይነግሯቸውም አልኳቸው። 'ነግሬያታለሁ። ጆሮዋ ሥራ በዝቶበታል። ወረቀት ግን አታልፍም፣ ልጄን አውቃታለሁ። አንቺ ብቻ በሚነበብ ጽሑፍ ጻፊልኝ' አሉኝ። የእጅ ጽሑፌ አስቀያሚ ነው። እንዲነበብ ብዬ ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት።»

ከሳሎን የአሮጊቶቹ ድምፅ ይሰማል። ስለ ዝናብ ነው የሚያወሩት።

«አንቺ» አለች መምህሯ በመጨረሻ፣ «ሽማግሌ አትወጂም አልነበር? መጠይቁ ላይ።»

«አልወድም» አለች ልጅቷ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «መጠይቁ የጠየቀኝ ስለ ሽማግሌዎች ነው። ስለሳቸው አልጠየቀኝም።»

* * *

መምህሯ ነጠላ ጫማዋን እንኳን ሳትቀይር ወጣች። አክስቷ «አንቺ! ሰው ሲመጣ ምን ልበል?» እያሉ እስከ ደረጃው ተከተሏት።

የኮሌጁ ግቢ ባዶ ነበር፤ ተማሪዎች ለፈተና ዝግጅት ተለቀዋል። ቢሮዋ ከአራት ቀን በፊት እንደተወችው ነው። ካርቶኑን ከጠረጴዛው ሥር ጎትታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ወረቀቱ በየሳምንቱ በላስቲክ ታስሯል። የአራተኛውን ሳምንት እስር ፈታች። የልጅቷን ቅጽ፣ ቁጥር አርባ አንድን፣ ለማግኘት ብዙ አልፈጀባትም፤ ከሌላው ሁሉ ተለይቶ ፊደሉ ትልልቅና የተራራቀ ነበር፤ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ ተጠንቅቆ የጻፈው ይመስላል።

«ታካሚው የ74 ዓመት ወንድ ናቸው። ስለ ጉልበታቸው መናገር አልፈለጉም። በጀርባቸው ሲተኙ አየር እንደሚያጥራቸው ነገሩኝ። መጀመሪያ በሁለት ትራስ፣ ቀጥሎ በሦስት ትራስ ይተኙ ነበር። አሁን አልጋ ትተው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ያድራሉ። ልጃቸው ቴሌቪዥን ሲያዩ እንቅልፍ የሚወስዳቸው እንደሚመስላት ነግረውኛል። ሦስተኛ ፎቅ ለመውጣት አራት ጊዜ ያርፋሉ። ሰው እንዳያያቸው ሲያርፉ ጋዜጣ የሚያነቡ ይመስላሉ። ጫማቸው አልገባ ስላላቸው ማሰሪያውን ፈትተው ነው የመጡት። ሁለቱም ቁርጭምጭሚት አብጧል፤ በጣት ስጫነው ጎደጎደ፣ ቶሎ አልሞላም። ትወና ከሆነ በጣም ጥሩ ትወና ነው። እብጠት ግን አይተወንም። ሐኪም ቢያያቸው።»

ከታች «የመምህር አስተያየት» የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

ሦስት ጊዜ አነበበችው። የልብ ድካም ነው። አንደኛ ዓመት ተማሪ የሚያውቀው ነገር፤ ፈተና ላይ ቢመጣ ለማለፊያ የሚሰጥ ጥያቄ። ቅጹ ላይ ያለው ቀን ከሞተበት ቀን በፊት ሃያ ሦስተኛው ነው። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ አንብባው እንድትመጣ ጠብቋታል።

ነግሬያታለሁ ብሏል። መቼ ነው የነገረኝ ብላ ማሰብ እንደጀመረች ወዲያው አገኘችው። እንዲያውም አንድ ቀን ብቻ አልነበረም። አንድ ጠዋት ጋዜጣውን ይዞ ገብቶ በሩን ተደግፎ ቆመና «ልጄ፣ ደረጃው በዝቷል» አላት። እሷ ላፕቶፑ ላይ ነበረች። ዓይኗን ሳታነሳ፣ በደግ ድምፅ፣ «እርጅና ነው አባባ፣ ቀስ እያልክ ውጣ» አለችው። ደግ ድምፅዋ ነው አሁን ያቃጠላት። ብትቆጣው ኖሮ ምናልባት ይቆጣት ነበር፤ ነገሩ ይወጣ ነበር።

ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ጸሐይዋ ከመስኮቱ ወደ መደርደሪያው ዞረች። እንባ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። ከዚያ ሌሎቹን እስሮች ፈታችና ማንበብ ጀመረች። አንዱ ተማሪ «አያቴን አስታወሱኝ» ይላል። አንዷ «ብቸኛ የሚሆኑት መቼ ነው ብዬ ስጠይቃቸው 'እራት ላይ' አሉኝ» ብላለች። እዚያ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው፤ ያን ቀን ከዚያ በላይ ማንበብ አልቻለችም።

ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደወለች።

«ጥናቱን ከጉባኤው አውጣልኝ።»

«ምነው? ቁጥሩ ስህተት ነው እንዴ?»

«ቁጥሩ ትክክል ነው። ያላነበብኩት ገጽ አለ።»

«ሐዘን ላይ ሆነሽ አትወስኚ እህቴ፣ ትንሽ...»

«አውጣልኝ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

* * *

ስትመለስ አክስቷ ፊታቸውን አጥቁረው ጠበቋት። እንግዶቹ ሄደው ነበር።

«የት ሄደች ሲሉኝ መድኃኒት ልትገዛ አልኩ። በስተርጅና አስዋሸሽኝ።»

«እትዬ፣ አባባ ታሞ ነበር።»

«ምን?»

«ልቡን ታሞ ነበር። እግሩ አብጦ ነበር። ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ሳይታመም ሞተ የሚሉትን ተዉ ይበሏቸው። እኔ አልችልም።»

አክስቷ የጠረጴዛውን ጫፍ ይዘው ተቀመጡ። ቅድም የነበረው ቁጣ ፊታቸው ላይ የለም።

«ለኔም ነግሮኝ ነበር» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በስልክ። 'ትንፋሼ እያጠረ ነው' አለኝ። 'ነርስ ቤት እየኖርክ ለኔ ትነግረኛለህ?' ብዬ ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ።»

መምህሯ አክስቷን ልታቅፋቸው አሰበች፤ እሳቸውም ያንኑ ያሰቡ መሰላት። ግን በመካከላቸው ጠረጴዛው ነበር፤ ዞሮ የሚመጣ ጠፋ። ትንሽ ቆይተው አክስቷ ተነሱና የሚታጠብ የሌለበትን ወጥ ቤት ማጠብ ጀመሩ።

በማግስቱ ኩርፊያን አስጠርታ ቅጹን ሰጠቻት። ባዶው ቦታ ላይ «ተማሪዋ የሚጠበቅባትን ሙሉ በሙሉ ሠርታለች። መምህሯ አልሠራችም» የሚል ተጽፎ፣ ተፈርሞበት ነበር። ልጅቷ አነበበችውና «ይሄን መያዝ አልችልም ቲቸር» አለች።

«ያዢው። ነገ ዎርድ ስትገቢ አንዱ ዶክተር 'እርጅና ነው' ሲልሽ፣ ወረቀቱን አውጥተሽ እዪው።»

ልጅቷ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ሦስት ቀን በተከታታይ ለቅሶ ቤቱ መጣች፤ ብርጭቆ ታጥባለች፣ ወንበር ታስጠጋለች፣ አታወራም። መምህሯ ከሰዉ ሁሉ የልጅቷ ዝምታ ነበር የሚሻላት። ሆኖም ልጅቷ ስትሄድ ቤቱ ያው ቤት ነው። ሬዲዮውን አንድ ማታ ከፈተችው፤ አባቷ ያስቀመጠው ጣቢያ ስለ መንገድ ሁኔታ ያወራል፤ የትኛው መንገድ ተዘግቷል፣ የትኛው ክፍት ነው። እስኪያልቅ ሰማችውና አጠፋችው።

የለቅሶው የመጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ አክስቷ ተሳፈሩ። መኪናው ሲነሳ በመስኮት እጃቸውን ዘርግተው «ደውዪ፣ ብቻሽን አትቆዪ» አሉ። እሺ አለች። ተመልሳ የጎረቤት ወንበሮችን አንድ በአንድ ማውረድ ጀመረች። ሳሎኑ እየሰፋ ሄደ። በመጨረሻ የቀረችው ከምድር ቤት የመጣችው አጭር ወንበር ነበረች።

ወንበሯን ይዛ ስትወርድ፣ ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ ልብስ ሰፊውን አገኘቻቸው። እየወጡ ነበር። አንድ እጃቸው የደረጃው መደገፊያ ላይ ነው፤ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ። እሷን ሲያዩ ቀና አሉና ግድግዳው ላይ ያለውን የቆጣሪ ቁጥር የሚያነቡ መሰሉ።

«ልሰናበትሽ ብዬ ነው» አሉ። በእነዚህ ቀናት ሁሉ የሰማችው የመጀመሪያ ድምፃቸው ነበር። «ከእንግዲህ እኩለ ቀን ላይ የምወጣበት የለኝም።»

«ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

«ምነው? ምንም አልሆንኩ እኮ።»

«ይቀመጡ እባክዎ።»

ወንበሯን እዚያው መታጠፊያው ላይ አደረገችላቸው። ተቀመጡ። እሷ ደረጃው ላይ በርከክ አለችና የሱሪያቸውን ጫፍ ሰበሰበች። ካልሲያቸውን ወደ ታች ገፋችው። ልብስ ሰፊው ግራ ተጋብተው «ኧረ ልጄ፣ እግሬ ንጹሕ አይደለም» አሉ። አውራ ጣቷን ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ ብሎ አጥንቱ ላይ አሳርፋ ተጫነች። በልቧ ቆጠረች። ጣቷን አነሳችና ጎንበስ ብላ አየች። ቆዳው ወዲያው ተመለሰ፤ የጎደጎደ ነገር የለም።

«ደህና ነው» አለች። «ምንም የለዎትም፣ ጋሼ። ደህና ነዎት።»

«ነገርኩሽ እኮ» አሉ።

ተነስታ ትቆማለች ብለው ጠበቁ። እሷ ግን እግራቸውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች።